ሐር የለበሱ መጻሕፍት

ሰው የሚያከብረውን ነገር ያለብሳል። ሙሽራ ስትዳር ትሸለማለች፤ ንጉሥ ሲነግሥ ካባ ይደረብለታል። መጽሐፍም በሰው ዘንድ የከበረ ስለ ሆነ ከጥንት ጀምሮ ልብስ ተበጅቶለታል። ይህም ልብስ ሁለት አገልግሎት አለው። አንደኛው መጽሐፉን ከውሃ፥ ከአቧራና ከብል መጠበቅ ነው። ሁለተኛው የባለቤቱን ሀብትና ክብር ለተመልካች ማሳየት ነው። የፊተኛው አገልግሎት ለመጽሐፉ ነው፤ የኋለኛው ለባለቤቱ ነው። ሁለቱ ተስማምተው የሚኖሩበት ጊዜ አለ፤ የሚጣሉበትም ጊዜ አለ።

የመጽሐፍን ልብስ በማሳመር የቻይና ነገሥታትን ያህል የደከመ፥ ያን ያህልም ገንዘብ ያፈሰሰ በዓለም ላይ ጥቂት ነው። ወረቀትን ለዓለም ያስገኘና ከሌሎች ቀድሞ መጻሕፍትን ያተመ ሕዝብ ስለ ሆነ ለመጽሐፍ ያለው አክብሮት ጥልቅ ነው። ስለዚህ ወጣት አንባቢዎች ሆይ፥ የቤተ መንግሥቱ የጥራዝ ጥበብ እንዴት እንዳደገ፥ ማንን እንደ ጠቀመ፥ ማንንም እንደ ጐዳ ባጭሩ ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የቻይና ሰዎች በጥንት ዘመን ይጽፉ የነበረው በቀጭኑ ተሰንጥቆ በገመድ በተያያዘ ቀርከሃ ላይ ነው። በሐር ጨርቅ ላይም ይጽፉ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በወረቀት ላይ ጻፉ። ወረቀቱ ዳርና ዳሩ በሙጫ እየተያያዘ ይረዝምና በአንድ ዘንግ ላይ ይጠቀለላል። እንዲህ ያለው ጥቅል መጽሐፍ ጌጡ የሚታየው በዘንጉ ጫፍ፥ በሚታሰርበት ጥብጣብና ስሙ ተጽፎበት በሚንጠለጠለው ምልክት ላይ ነው።

ከ604 እስከ 618 የነገሠው የስዊ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ያንግ በሎያንግ ከተማ ታላቅ የመጻሕፍት ግምጃ ቤት ነበረው። መጻሕፍቱንም በሦስት ማዕርግ ከፈላቸው። የላይኛው ማዕርግ ዘንጉ ከቀይ ብርጭቆ፥ የመካከለኛው ከጥቁር ሰማያዊ ብርጭቆ የተሠራ ነበር፤ የታችኛው ማዕርግ ዘንግ ግን በዛፍ ሙጫ ቅብ የተወለወለ እንጨት ነበር። የአዳራሹም አሠራር የሚያስደንቅ ነው። የቻይና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፥ ንጉሡ ወደ መጻሕፍቱ ሲቀርብ አንዲት የግቢ አገልጋይ ከወለሉ ሥር የተደበቀውን መዘውር በእግሯ ትረግጣለች። ያን ጊዜ ከበሩ በላይ የቆሙት ሁለት የሚበሩ ምስሎች ወርደው መጋረጃውን ይሰበስባሉ፤ በሩም፥ የመጻሕፍቱም ሣጥን ሰው ሳይነካቸው ይከፈታሉ። ንጉሡ ሲወጣ ሁሉም ተመልሶ ይዘጋል።

ንጉሡ መጽሐፍ የሚወድ ሰው እንደ ነበረ አይካድም። ይሁን እንጂ ሕዝቡን በጦርነትና በከባድ ሥራ ስላደከመው አገሩ ዐመፀበት፤ በ618 በገዛ ወታደሮቹ እጅ ተገደለ። መንግሥቱን የወሰደው የታንግ ሥርወ መንግሥት በ622 የሎያንግን መጻሕፍት በጀልባዎች አስጭኖ በቢጫው ወንዝ ሽቅብ ወደ ዋና ከተማው ወደ ቻንግአን ላከ። ጀልባዎቹ በወንዙ መካከል ካለው ከዲጁ ዐለት ዘንድ ሲደርሱ ሰጠሙ። ከዐሥሩ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ እንደ ተረፈ ተጽፏል። ውሃው ባለቀይ ዘንጉን ከባለእንጨቱ ለይቶ አልማረም።

የታንግ ነገሥታትም በፈንታቸው መጻሕፍትን እንደ ገና መሰብሰብ ጀመሩ። በተለይም ከ712 እስከ 756 በነገሠው በሽዋንዞንግ ዘመን የቤተ መንግሥቱ መጻሕፍት በአራት ክፍል ተለይተው ይቀመጡ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል የጥንት ሊቃውንት የሥርዐትና የሥነ ምግባር መጻሕፍት፥ ሁለተኛው የታሪክ፥ ሦስተኛው የፍልስፍናና የልዩ ልዩ ዕውቀት፥ አራተኛው የቅኔና የድርሰት ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቀለም ነበረው። የመጀመሪያው ክፍል ዘንጉ ነጭ የዝሆን ጥርስ፥ ጥብጣቡ ቢጫ፥ ምልክቱ ቀይ ነበር። ታሪክ ዘንጉ ሰማያዊ የተቀባ የዝሆን ጥርስ፥ ምልክቱ አረንጓዴ ነበር። የፍልስፍናው ዘንግ ከተቀረጸ ሐምራዊ ሰንደል ተሠርቶ በሐምራዊ ጥብጣብ ይታሰር ነበር። የድርሰቱ ዘንግ አረንጓዴ፥ ጥብጣቡ ደማቅ ቀይ፥ ምልክቱ ነጭ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ይህ ጌጥ ከስዊው ጌጥ ይለያል። ጥቅል መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ ተጋድሞ ሲቀመጥ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው፤ በመቶ በሚቈጠሩ ጥቅሎች መካከል የሚፈልገውን ለማግኘት የግምጃ ቤቱ ጠባቂ ሁሉንም መፍታት ይኖርበት ነበር። ቀለሙ ግን ከሩቅ መርቶ ያደርሰዋል። የታንግ ጥበብ ያማረና የጠቀመ በአንድነት ነበር። ይሁን እንጂ ይህም ግምጃ ቤት በ755 በተነሣው በአን ሉሻን ዐመፅ ጊዜ ጠፋ። በአንድ ስፍራ የተከማቸ ነገር በአንድ ቀን ይጠፋል።

በኋለኞቹ ዘመናት ጥቅሉ ቀርቶ ቅጠል ያለው ጥራዝ መጣ። ቀስ በቀስም በቤተ መንግሥት የተወደደው የጥራዝ ዐይነት ጀርባው የተጠቀለለ የሚባለው ሆነ። ሥራው እንዲህ ነው። የቻይና ወረቀት ስስ ስለ ሆነ የሚጻፍበት በአንድ ገጹ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል ጽሑፉ ወደ ውጭ፥ ባዶው ወደ ውስጥ ሆኖ ከመካከሉ ይታጠፋል። እጥፉ አንባቢው በሚገልጥበት በኩል፥ ክፍት ዳሮቹ በጀርባ በኩል ሆነው ይደረደራሉ። ቅጠሎቹ እኩል መሆናቸው ከታየ በኋላ በከባድ ነገር ይጫናሉ። ከዚያ በጀርባው አጠገብ ይበሱና፥ ከወረቀት የተፈተለ ክር በቀዳዳው ገብቶ ጫፉ በመዶሻ ይደፈጠጣል። በመጨረሻም ወረቀት የተለጠፈበት አንድ ቁራጭ ሐር ከፊት ገጽ ተነሥቶ በጀርባው ዞሮ እስከ ኋላ ገጽ ይለበጣል። ስፌቱ ከውጭ አይታይም። የመጽሐፉም ስም በጠባብ ቁራጭ ላይ ተጽፎ በፊት ገጹ በግራ በኩል ከላይ ይለጠፋል።

ይህ ሥራ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የሙጫው ነገር ብቻ እንኳ የብዙ ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ሙጫው የሚሠራው ከስንዴ ዱቄት ነው፤ ከወፈረ መጽሐፉን ያደርቀዋል፥ ብልም ይስባል፤ ከቀጠነ አይዝም። ሐር ሲረጥብ ይሳባል፥ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ጠራዡ ይህን ዐውቆ ካልለጠፈው ሽፋኑ ይጨማደዳል። የእነዚህ ጠራዦች ስም በታሪክ ውስጥ አይገኝም ለማለት ይቻላል። የነገሥታቱን ስም ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ከ1403 እስከ 1408 ባለው ጊዜ የሚንግ ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዮንግለ ከ2,000 በላይ ሊቃውንት ሰብስቦ በዘመኑ የነበረውን ዕውቀት ሁሉ የያዘ ታላቅ መጽሐፍ አስጻፈ። መጽሐፉ 11,095 ጥራዝ ነበር። እያንዳንዱ ጥራዝ ቁመቱ ግማሽ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ጠንካራ ገበታ ገብቶለት የንጉሥ ቀለም በሆነው በቢጫ ሐር ተለበጠ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። በ1557 ቤተ መንግሥቱ ተቃጥሎ መጽሐፉ ለጥቂት ስለ ተረፈ፥ ንጉሠ ነገሥት ጂያጂንግ በ1562 ሁለተኛ ቅጂ እንዲጻፍ አዘዘ፤ በ1567 ተፈጸመ። የመጀመሪያው ቅጂ ከዚያ በኋላ ጠፋ። ሁለተኛውም እየተሰረቀ ተመናምኖ፥ የቀረው በ1900 በቤጂንግ በተደረገው ጦርነት ጊዜ ተቃጠለ። ዛሬ በልዩ ልዩ አገር ተበትነው የሚገኙት ጥራዞች 400 ያህል ናቸው።

ለጌጥም ወሰን እንዳልነበረው የሚያሳይ ሌላ መጽሐፍ አለ። በ1669 የንጉሠ ነገሥት ካንግሺ አያት እቴጌ ሺያውጁዋንግ የቡድሃን ሃይማኖት መጻሕፍት በቲቤት ቋንቋ አስጻፈች። 108 ጥራዝ ነው። ጽሑፉ በጥቁር ሰማያዊ ወረቀት ላይ በወርቅ ቀለም ተጻፈ። ቅጠሎቹ አልተሰፉም፤ ከላይና ከታች በእንጨት ገበታ ተይዘዋል። ገበታው በዕንቍና በልዩ ልዩ የከበሩ ድንጋዮች አጊጧል፤ በላዩም ባለብዙ ቀለም የሐር መጋረጃዎች ተደራርበውበታል። ከዚያ ሁሉም በቢጫ ጨርቅ ይጠቀለልና በባለአምስት ቀለም ገመድ ይታሰራል። አንዱ ጥራዝ 50 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህን መጽሐፍ ለማንበብ በመጀመሪያ የሚሸከሙ ሰዎች ያስፈልጋሉ። እቴጌይቱ ያሠራችው ስለ ሃይማኖቷ ነውና በዚህ የሚነቅፋት የለም፤ ግን እንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚሰገድለት እንጂ የሚነበብ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ እንምጣ። የካንግሺ የልጅ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ቺየንሎንግ፥ ራሱ ገጣሚና ጽሑፍ ወዳድ የነበረ፥ በ1772 በአገሩ ያሉት መጻሕፍት ሁሉ እንዲሰበሰቡ ዐዋጅ አስነገረ። ዓላማው የተመረጡትን አንድ ላይ አስገልብጦ አንድ ታላቅ ክምችት ማቆም ነበር። የክምችቱ ስም ስኩ ቹዋንሹ ተባለ፤ የአራቱ ግምጃ ቤቶች መጻሕፍት ሁሉ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቅጂ በ1782 ተፈጸመ። በውስጡ ወደ 3,500 የሚጠጉ መጻሕፍት ሲኖሩ፥ ጥራዙ ከ36,000 በላይ ነበር። ሁሉም በእጅ የተጻፈ ነው። ለዚህም ሥራ 3,800 ያህል ቁም ጸሐፊዎች ተቀጥረው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በአንድ ቅጂ አልተወሰነም፤ ሰባት አስጻፈ። ካለፈው ጥፋት የተማረ ሰው ሥራ ነው።

የጥራዙም ጥበብ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። እንደ ታንግ ዘመን አራቱ ክፍሎች በቀለም ተለዩ፤ ቀለሞቹም በዓመቱ አራት ወቅቶች ተመሰሉ። የሥርዐትና የሥነ ምግባር መጻሕፍት የዘመን መጀመሪያ ናቸውና እንደ ጸደይ ቡቃያ አረንጓዴ ሐር ለበሱ። ታሪክ እንደ በጋ ሙቀት ቀይ ለበሰ። ፍልስፍና እንደ መከር ሰማይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፥ ድርሰት እንደ ክረምት ብርድ ግራጫ ለበሰ። ጥቂት ጥራዞች በአንድነት በሁለት ስስ ገበታዎች መካከል ይገቡና በሐር ጥብጣብ ይታሰራሉ፤ ከዚያ ናንሙ ከሚባለው ሽታው ካማረ፥ ነፍሳትም ከማይደፍሩት እንጨት በተሠራ ሣጥን ውስጥ ይተኛሉ። በሣጥኑ ፊት የመጽሐፉ ስም ተቀርጿል። በቼንግደ ከተማ የነበረው ቅጂ ብቻውን 6,144 ሣጥን ሲሆን፥ በ128 መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል።

ለሰባቱም ቅጂዎች ሰባት አዳራሾች ተመደቡ። አራቱ በሰሜን ለንጉሡ የተለዩ ናቸው፦ በቤጂንግ ቤተ መንግሥት፥ ከከተማው ውጭ ባለው በዩዋንሚንግዩዋን የአትክልት ቤተ መንግሥት፥ በቼንግደና በሼንያንግ። ሦስቱ በደቡብ፥ በያንግዡ፥ በጄንጂያንግና በሃንግዡ ሆነው የአገሩ ተማሪዎች ገብተው እንዲያነብቡና እንዲገለብጡ ተፈቅዶ ነበር። እሳትን ስለ ፈሩ በሰሜኑ አዳራሾች ስሞች ውስጥ የውሃ ምልክት ያለበት ፊደል አገቡ፤ የቤጂንጉም አዳራሽ ጣሪያው ውሃን በሚወክለው በጥቁር ቀለም ተከደነ።

እስካሁን የነገርኋችሁ ያማረውን ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ሥሩንም ማየት ያስፈልጋል። ንጉሠ ነገሥቱ የማንቹ ወገን ነበረ፤ አባቶቹ ቻይናን የያዙት በጦር ኃይል ነው። ስለዚህ ከየአገሩ የመጡትን መጻሕፍት የሚመረምሩት ሰዎች፥ ማንቹዎችን የሚነቅፍ ወይም ያለፈውን መንግሥት የሚያመሰግን ቃል ያገኙ እንደ ሆነ መጽሐፉን ለእሳት ይሰጡት ነበር። በዚህ ዐይነት ፈጽመው እንዲጠፉ የተፈረደባቸው መጻሕፍት ከ2,000 በላይ ናቸው። ሰውም አልቀረለትም። ዋንግ ሺሆው የሚባል የመዝገበ ቃላት ደራሲ የነገሥታቱን ስም በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ተራ ቃል ስለ ጻፈና በካንግሺ መዝገበ ቃላት ላይ ጉድለት ስላገኘ በ1777 ተገደለ።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ ግቢ ውስጥ በአንድ ንጉሥ ትእዛዝ በአንድ በኩል መጻሕፍት ሐር ይለብሳሉ፤ በሌላ በኩል መጻሕፍት ይቃጠላሉ። አረንጓዴው፥ ቀዩ፥ ሰማያዊውና ግራጫው ሐር ተስተካክሎ ተደርድሮ ያየ ሰው፥ በመደርደሪያው ላይ የጐደለ መጽሐፍ መኖሩን ሊያውቅ አይችልም። እንዲያውም አንዳንዱ መጽሐፍ ሐሩን የለበሰው በውስጡ ያለው ቃል ከተለወጠ በኋላ ነው። የሽፋኑ ማማር የውስጡን ጕድለት ሸፈነ።

በ1787 ደግሞ ሌላ ነገር ተነሣ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተፈጸሙት ጥራዞች አንዳንዱን ገልጦ ሲያነብ የግልበጣ ስሕተትና የማይወደው ቃል አገኘ። እጅግ ተቈጣ። ዋና አዘጋጆቹ ጂ ዩንና ሉ ሺሾንግ የሰሜኑን ቅጂዎች በገዛ ገንዘባቸው እንደ ገና እንዲያስመረምሩ ታዘዙ። ሉ ሺሾንግ ለዚሁ ሥራ በብርዱ አገር በሼንያንግ ሳለ በ1792 ሞተ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን የሉፈይ ቺ ዕድል ነው። ይህ ሰው ጽሑፉ ከዋናው ጋር መስማማቱን የሚያስመረምር የበላይ ኀላፊ ነበር። ለብዙ ዓመታት ደክሞ ከፍ ያለ ሹመት አግኝቶ ነበር። ቍጣው በመጣ ጊዜ ሹመቱን አጣ። ቅጣቱም የሚከተለው ነበር፦ የደቡብ ሦስቱን ቅጂዎች ሽፋን፥ ገበታ፥ ሣጥንና በሣጥኑ ላይ የሚቀረጸውን ጽሑፍ ሁሉ በገዛ ገንዘቡ ያሠራ ተባለ። ሦስት ጊዜ 36,000 ጥራዝ ማለት ከመቶ ሺሕ በላይ ነው። ያን ሁሉ መጽሐፍ ሐር ማልበስና በናንሙ ሣጥን ማስቀመጥ ለንጉሥ እንኳ ከባድ ወጪ ነው፤ ለአንድ ሹም ግን የቤቱ ፍጻሜ ነበር። ሉፈይ ቺ በ1790 ሞተ። ከሞተም በኋላ የቀረው ሀብቱ ተወርሶ ለዚሁ ሥራ እንዲውል ታዘዘ፤ ለቤተ ሰቡ የተተወላቸው 1,000 ታኤል ብር ብቻ ነው። የእኛ ሰው ሲያጌጡ ይመላለጡ ይላል። እዚህ ግን ያጌጠው አንዱ፥ የተመላለጠው ሌላው ሆነ።

የተጌጠላቸው መጻሕፍትስ ምን ደረሰባቸው? የያንግዡና የጄንጂያንግ ቅጂዎች በታይፒንግ ዐመፅ ጊዜ በ1853 እና በ1854 ፈጽመው ጠፉ። የዩዋንሚንግዩዋኑ በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች ቤተ መንግሥቱን ከዘረፉት በኋላ በእሳት ሲጋይ አብሮ ተቃጠለ። ከስሙ ጋር የተጻፈው የውሃ ምልክት እሳቱን አላጠፋውም። የቤጂንጉ ቅጂ ዛሬ በታይፔ ይገኛል፤ የቼንግደው በቤጂንግ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፥ የሼንያንጉ ከ1966 ጀምሮ በጋንሱ ክፍለ ሀገር ነው።

የሃንግዡ ቅጂ ታሪክ ግን ለብቻው ሊነገር የሚገባው ነው። በ1861 ታይፒንጎች ከተማውን ሲይዙ የመጻሕፍቱ አዳራሽ ፈረሰ፤ መጻሕፍቱም ተበተኑ። በዚያ ጊዜ ዲንግ ሸንና ዲንግ ቢንግ የሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች ከጦርነቱ ሸሽተው ከከተማው ውጭ ባለ መንደር ተቀምጠው ነበር። ከገበያ ምግብ ሲገዙ ነጋዴው የጠቀለለበትን ወረቀት ልብ ብለው ቢያዩት፥ በጥሩ እጅ የተጻፈ የስኩ ቹዋንሹ ቅጠል ሆኖ አገኙት። የንጉሥ ሐር የለበሰው መጽሐፍ የገበያ መጠቅለያ ሆኖ ነበር።

ወንድማማቾቹ የራሳቸው ነፍስ ሳትጸና ወደ ፈረሰው አዳራሽ ሰዎች ይዘው በሌሊት እየሄዱ ያገኙትን ሁሉ ሰበሰቡ፤ በሰው እጅ የገባውንም ገዙ። ከ8,000 በላይ ጥራዞች አዳኑ። ይህ ግን ከሁሉ ሩብ እንኳ አይሞላም ነበር። ሰላም ከወረደ በኋላ አዳራሹ እንደ ገና ተሠራ። ከ1882 ጀምሮም ዲንግ ቢንግ ከየሊቃውንቱ ቤት መጻሕፍት እየተዋሰ ብዙ ጸሐፊዎች ቀጥሮ ለዓመታት አስገለበጠ። የቀረውንም ሌሎች ሰዎች እስከ 1920ዎቹ ድረስ ሞሉት። ከግል ቤቶች ከተገኙት መጻሕፍት ውስጥ የንጉሡ መርማሪዎች ያልቈረጡዋቸው ስለ ነበሩበት፥ እነዚህ እንደ ገና የተጻፉት ጥራዞች በአንዳንድ ስፍራ ከጥንቱ የንጉሥ ቅጂ ይልቅ ሙሉ ናቸው። ሽፋናቸው የንጉሥ ግምጃ ቤት ያሠራው አይደለም፤ ቃላቸው ግን ሙሉ ነው።

የሉፈይ ቺ ቤትም እንደ ጠፋ አልቀረም። ከዘሩ የተወለደው ሉፈይ ክዌ በ1912 በሻንግሃይ ጆንግኋ የተባለውን የመጻሕፍት ማሳተሚያ ቤት አቆመ። ይህ ቤት መጀመሪያ የታወቀው የተማሪ ቤት መማሪያ መጻሕፍትን በማሳተም ነው፤ በኋላም የጥንት መጻሕፍትን እያሳተመ ለብዙ ሰው አዳረሰ። አያቱ በመጻሕፍት ሣጥንና ሽፋን ምክንያት ደኸየ፤ ከዘሩ የተወለደው ግን ሕፃን በኪሱ ሊይዘው የሚችል መጽሐፍ አሳተመ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ጌጥ ክፉ ነው የሚለውን አይደለም። የጠራዡ እጅ ጥበብ የተከበረ ጥበብ ነው። ያለ ገበታውና ያለ ናንሙው ሣጥን ዛሬ በቤጂንግና በታይፔ ያሉት ጥራዞች ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ባልቈዩ ነበር። መጽሐፉን በቈሸሸ እጅ የሚይዝ፥ ቅጠሉን የሚቀድድ፥ ዝናም ላይ የሚጥል ተማሪ ዕውቀትን እወዳለሁ ቢል አይታመንም። የምትማሩበትን መጽሐፍ በጋዜጣ ወረቀት ብትሸፍኑት፥ ያ ጋዜጣ ከቺየንሎንግ ሐር ያላነሰ አገልግሎት ሰጥቷል፤ የመጽሐፉ ጠባቂ ሆኗልና።

ነገር ግን ሽፋን ጠባቂነቱን ትቶ ጌታ ሲሆን ተጠንቀቁ። መጽሐፍን ለመደርደሪያ ጌጥ የሚገዛ ሰው ሳያነብበው ይሞታል። ያማረ ሽፋን ስታዩም በውስጡ የጐደለ ቃል እንዳለ ጠይቁ፤ ማን አስጻፈው፥ ማንስ እንዲቀር ተደረገ ብላችሁ መርምሩ። ይህ ጥያቄ ለመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በልብሱና በንግግሩ ላማረ ሰውም፥ በሰልፉና በግንቡ ለደመቀ መንግሥትም የሚቀርብ ነው።

በመጨረሻም ሁለቱን ወንድማማቾች አትርሱ። ሹመት አልነበራቸውም፤ ትእዛዝም የሰጣቸው የለም። የምግብ መጠቅለያውን ከመጣላቸው በፊት ስላነበቡት ብቻ፥ ንጉሥ ሠርቶት ጦርነት ያፈረሰውን ነገር ማዳን ጀመሩ።